የሕፃናት ሐኪም ቤት አሠራርና የወላጆች ድርሻ

በሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ፣ ሕፃኑ በእኩለ ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ጡት መያዝም ቢሳነው፣ አባት መጓጓዣ ፍለጋ ወደ አውራ ጎዳናው ይሮጣል፤ እናትም ልጅዋን በጋቢ ጠቅልላ ትከተላለች። ባጃጅ ከተገኘ ከሐኪም ቤት በር መድረስ የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በዚያችው ሌሊት ከሲዳማ ደጋ፣ ከጌዴኦ ወይም ከጉጂ ተነሥታ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በመኪና የመጣች ሌላዋ እናትም ከዚያው በር ትደርሳለች። ሁለቱ እናቶች አይተዋወቁም፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም «ልጄን ማን ያይልኛል? መቼስ ያይልኛል?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያትተው ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሚሰጠው ስለ ሐኪም ቤቱ ሥርዓት ነው። ሐኪሙ ሊቅ፣ መድኃኒቱም ፍቱን ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ ስለ ተበላሸ ብቻ ሕፃን ሊሞት እንደሚችል ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በሐዋሳ ለሕፃናት ከፍተኛውን የመንግሥት ሕክምና የሚሰጠው፣ በ1998 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውና ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተብሎ የሚጠራው ትልቅ ሐኪም ቤት ነው። የሕፃናት ሕክምናው ከዚህ ትልቅ ሐኪም ቤት ክፍሎች አንዱ ነው። ይህ አሠራር በአገራችን የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ለሕፃናት ብቻ የተለየ ሐኪም ቤት የማቆም አሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በፓሪስ ከተማ የሕፃናት ሐኪም ቤት የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1802 ሲሆን፣ በለንደን ዛሬ በዓለም የታወቀው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሐኪም ቤት በ1852 ሥራውን የጀመረው በ10 አልጋዎች ብቻ ነበር። በአዲስ አበባም በ1957 የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት ሐኪም ቤት ተመሠረተ። ከዚያ በሽተኛ ሕፃናት ከመታከማቸውም በላይ የአገራችን የሕፃናት ሐኪሞች ተምረው ወጥተውበታል። ፋፋ የተባለውንና እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቁትን የሕፃናት ምግብ ያዘጋጀው የሥነ ምግብ ድርጅትም የዚሁ የሁለቱ አገሮች ትብብር ፍሬ ነው። የስሙን ትርጉም ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። በኋላ ዘመን የሕፃናቱ ሕክምናና ትምህርት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋራ ተጠቃለለ።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። የሕፃናት ሐኪም ቤት የመጀመሪያ ሥራ ማከም ሳይሆን መለየት ነው። ሐኪሞች ይህን ትሪያጅ ይሉታል፤ በአማርኛም ልየታ ተብሏል። በበሩ የቆመችው አስታማሚ የመጣውን ሕፃን ሁሉ ካርድ ሳይወጣለት፣ ገንዘብም ሳይጠየቅለት በዓይንዋ ታያለች፤ በእጅዋም ትዳስሳለች። የምትፈልገው አራት ነገር ነው። ትንፋሹ የተዘጋ ወይም አየር ለማግኘት የሚታገል፣ ከንፈሩም የጠቆረ አለን? እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ የልብ ትርታው የፈጠነና የደከመ አለን? ራሱን የሳተ ወይም የሚያንዘፈዝፈው አለን? በተቅማጥና በትውከት ብዛት ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ አለን? ከነዚህ አንዱ የተገኘበት ሕፃን በቅጽበት ይገባል። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ፣ እጅግ የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ፣ የተቃጠለ፣ ከሌላ ሐኪም ቤት ደብዳቤ ይዞ የተላከም ቅድሚያ ይሰጠዋል። የቀረው በተራው ይጠብቃል።

ይህ ነገር ለአንባቢው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን የኛ ሰው ወረፋን እንደ ፍርድ ይቆጥራል፤ «እኔ ቀድሜ መጥቼ ኋላ የመጣችው ለምን ገባች?» የሚለው ክርክር በየሐኪም ቤቱ በር ዕለት ዕለት የሚሰማ ነው። ልየታ የወረፋ ጠላት ይመስላል። ልጁ ሳል ብቻ ይዞት ሁለት ሰዓት የጠበቀ አባት ቅሬታ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ ሆኖም የርሱ ልጅ እንዲጠብቅ የተደረገው መጠበቅ ስለሚችል ነው፤ ይህንም እንደ ምሥራች ሊቀበለው ይገባል። የዚህ ሥርዓት ጥቅም በአሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በማላዊ አገር በብላንታየር ከተማ ባለው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሐኪም ቤት ቀድሞ ከሚተኙት ሕፃናት ከመቶ ከ10 እስከ 18 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ ልየታን ካቋቋሙ፣ የድንገተኛውን ክፍል ካደራጁና ሠራተኞቹን ካሠለጠኑ በኋላ ቍጥሩ ከመቶ ወደ 6 እና 8 መውረዱን በ2006 በታተመ ጽሑፍ አስታውቀዋል። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ በበሩ ያለው አሠራር ተለወጠ እንጂ።

ሕፃኑ ከገባ በኋላ የሚያስፈልገው አያያዝ ከአዋቂው የተለየ ነው። የሕፃን ሰውነት የአዋቂ ሰውነት አንሶ የቀረበ አይደለም። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም አንድ የውኃ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ስለዚህ ለምርመራ ከአዋቂ የሚቀዳው ደም ከርሱ በየጊዜው ቢቀዳ ምርመራው ራሱ በሽታ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ሁሉ በኪሎ ተሰልቶ ይታዘዛል፤ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ብትጻፍ መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በሥርዓት የሚመራ የሕፃናት ክፍል ሚዛኑን እንደ መድኃኒቱ ያህል ያከብረዋል፤ ሐኪሙ ያዘዘውን አስታማሚዋ ደግማ ታሰላለች፤ ባለ መድኃኒቱም ይመረምረዋል። ይህ መደጋገም አለመተማመን መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ ስሕተቱ የሚታረመው በሰው ጨዋነት ሳይሆን በዚህ ድግግሞሽ መሆኑን ይወቅ።

ስለ መሣሪያም አንድ ታሪክ ልናገር፤ ለነገራችን ሁሉ ቁልፍ እርሱ ይመስለኛል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የተቅማጥና የሕፃናት በሽታ የሚመረመርበት ዓለም አቀፍ ድርጅት አለ። ይህን ድርጅት በአንድ ወቅት በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት ኢትዮጵያዊው የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ነበሩ፤ እኒህ ሰው ኋላ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የዚህ ድርጅት ሐኪሞች ቆየት ብለው ከባድ የሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናት ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ በውኃ ሞልተው፣ በቀጭን ቱቦ ከኦክስጅን ጋራ አገናኝተው፣ የአየሩ ግፊት የሕፃኑን ሳንባ ከፍቶ እንዲይዝ የሚያደርግ ርካሽ መሣሪያ ሠሩ። ጠቃሚነቱም በ2015 በታተመ ጥናት ተገለጸ።

ተመሳሳይ የአሠራር ዘዴ በማላዊ በአንድ የወረዳ ሐኪም ቤት ተሞከረ። ውጤቱም በ2019 ሲታተም ሐኪሞችን ሁሉ አስደነገጠ። በዘዴው ከታከሙት 321 ሕፃናት 53 ሲሞቱ፣ ተራ ኦክስጅን ከተሰጣቸው 323 የሞቱት 35 ነበሩ። ሊያድን የታሰበው ዘዴ የከፋ ውጤት አመጣ። ልዩነቱ ከምን መጣ? ሕፃናቱ በሌላ ደዌ ወይም በምግብ እጦት የተጐዱ መሆናቸው አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዳካ ሐኪም ሌት ተቀን ከሕፃናቱ አጠገብ ሲኖር፣ በማላዊው ክፍል ዕለት ዕለት የሚቆጣጠር ሐኪም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዘዴው በኛው አገር በጠቅላላ ሆስፒታሎች ውስጥ በሐኪሞች ተቆጣጣሪነት ተሞክሮ፣ በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ጠርሙሱ በሁሉም ቦታ ጠርሙስ ነው። በሌሊት ሰባት ሰዓት የሕፃኑ አፍንጫ በንፍጥ ተዘግቶ እንደ ሆነ፣ ሆዱ በአየር ተነፍቶ እንደ ሆነ የሚያይለት ሰው መኖር አለመኖሩ ግን የአስተዳደር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በሕፃናት ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚከበደው ሰዓት ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን ከፍተኛው ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራል፤ እናቶችም እርሱን ሲያዩ ይጽናናሉ። ሲመሽ ግን በክፍሉ የሚቀሩት ተረኛ ሐኪሙና ጥቂት አስታማሚዎች ናቸው። ተረኞች ሲለዋወጡ ወጪው ለገቢው «ይህ ሕፃን ትንፋሹ እየከበደው ነው፤ ይህኛው ግሉኮሱ በአራት ሰዓት ያልቃል፤ ይችኛዋ ደም ይጠበቅላታል» ብሎ በየአልጋው እየቆመ ካላስረከበ፣ ቀን የተደከመበት ሕክምና ሌሊት ይፈርሳል። የመብራት ጀኔሬተሩ ነዳጅ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉነት፣ የደም ባንኩ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ እነዚህ ሁሉ ሌሊት ሳይመጣ የሚታሰቡ ነገሮች ናቸው።

ይህን የሚያስበው ማነው? ቀድሞ አገራችን ሐኪም ቤትን የሚያስተዳድረው ብዙውን ጊዜ ከሐኪሞቹ አንዱ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ስለ ሳሙናና ስለ ደመወዝ ደብዳቤ ሲፈርም የሚውል ሐኪም ብዙ ነበር። ይህ ለሐኪሙም ለሐኪም ቤቱም የማይበጅ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በ2008 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ የሐኪም ቤት ሥራ አስኪያጆችን በማስተርስ ዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ። በ2010ም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ አወጣ። በዚህ አሠራር ሥራ አስኪያጁ ተጠሪነቱ ለቦርድ ሲሆን፣ በርሱ ሥር የሕክምናው ኃላፊ፣ የአስታማሚዎች አለቃ የሆነችው ሜትረን፣ የመድኃኒት ቤቱና የገንዘብ ክፍሉ ሹሞች ይገኛሉ። በኔ ግምት ከነዚህ ሁሉ የሕፃኑን ዕድል በይበልጥ የምትወስነው ሜትረንዋ ናት፤ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ክፍል፣ ስንት አስታማሚ እንደሚያድር የምትመድበው እርሷ ስለ ሆነች ነው።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት እንበል። ደመወዝና ሕንፃ በመንግሥት በጀት ይሸፈናል። በ1990 ዓ.ም. የጤና ገንዘብ አያያዝ መመሪያ ከወጣ ወዲህ ሐኪም ቤቶች ከበሽተኛ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ከመላክ ይልቅ ለራሳቸው መድኃኒትና ዕቃ መግዣ እንዲያውሉት ተፈቀደላቸው። ክትባት፣ ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ድኻ መሆኑ በቀበሌው የተመሰከረለትም በነጻ ይታከማል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፍለው መዋጮ በዓመቱ ውስጥ እንዲታከም ያደርጋል። ችግሩ ወረቀቱ ኖሮ መድኃኒቱ ከሐኪም ቤቱ መደርደሪያ ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ አባት ማዘዣውን ይዞ በከተማው የግል መድኃኒት ቤቶች ሲዞር ያመሻል። የመድኃኒት ቤት ሹም ክምችቱ ከማለቁ በፊት አስቀድሞ ካላዘዘ የመድኑ ደብተር ለሕፃኑ የሚያደርግለት ነገር የለም። መድን የገባ ቤተ ሰብም ከጤና ጣቢያ ሳይላክ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ቢሄድ ወጪውን ከኪሱ ሊጠየቅ እንደሚችል አይርሳ።

ይህም የመላላክን ነገር ያነሣል። በአገራችን ሥርዓት ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ በላይ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ የሚያገለግል የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ በላይ ከአንድ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ የሚያገለግል ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከሁሉም በላይ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እንዲኖር ተወስኗል። ትልቁ ሐኪም ቤት ጉንፋን በያዛቸው ሕፃናት ከተጨናነቀ፣ ልቡ ከተወለደ ጀምሮ የታመመው ወይም በከባድ ምች የተያዘው አልጋ ያጣል። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው በሐድያ በበዳዋቾ ወረዳ በ1993 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ትምህርት ተገኝቷል። በረኃብ እጅግ የተጐዱ 170 ሕፃናት አልጋ ሳይዙ፣ የተዘጋጀ ምግብና መድኃኒት ለእናቶቻቸው እየተሰጠ በቤታቸው እንዲታከሙ ተደርጎ 144ቱ አገገሙ፤ የሞቱት 7 ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በ2002 በላንሴት መጽሔት ታትሞ የዓለምን አሠራር ከለወጡት አንዱ ሆነ። ለሐኪም ቤት የሚገባውንና በቤት የሚታከመውን መለየትም ከሐኪም ቤት አስተዳደር የሚቈጠር ነው።

እናት በሕፃናት ክፍል እንግዳ አይደለችም፤ ከሠራተኞቹ አንዷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአውሮፓ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ወላጆች ልጃቸውን በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ እንዲጐበኙ ይገደዱ ነበር። በእንግሊዝ አገር ይህ ልማድ እንዲቀር የፕላት ኮሚቴ የተባለው ጉባኤ ያሳሰበው በ1959 ነው። በኛ ዘንድ እናት ከልጅዋ አልጋ ተለይታ አታውቅም፤ ይህ ከሌላ የምንማረው ነገር አይደለም። ከክብደት በታች የተወለዱ ጨቅላዎችን እናት በደረትዋ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ እንድታሞቃቸው የሚያደርገው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ በቦጎታ ከተማ የተጀመረው አያያዝ በአዲስ አበባም ተፈትኖ ሞትን እንደሚቀንስ በ2005 ታትሟል። ታዲያ እናት የክፍሉ ሠራተኛ ከሆነች የምትተኛበት፣ የምትታጠብበትና የምትበላው ሊኖራት ይገባል፤ ራብዋን በወለል ላይ የምታድር እናት ጡትዋ እንዴት ይሞላል? በሌላ በኩል ዘመድ ወዳጁ በሙሉ እየመጣ ሕፃኑን የሚስምበት ክፍል ከበሽታ አይድንም። ጥየቃ የኛ ደግ ባህል ነው፤ ለጨቅላ ክፍል ግን እጅን በሳሙና ታጥቦ ከውጪ ሆኖ መጠየቅ ይበቃል።

የጨቅላዎችን ነገር ያጠነከርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቍጥሩ ወደ 67 ወረደ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት። ክትባቱና የጤና ኤክስቴንሽኑ ትልልቆቹን ሲያድን፣ ጨቅላው የሚድነው በሐኪም ቤት ሙቀት፣ ኦክስጅንና ንጽሕና ስለ ሆነ ወደ ኋላ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ሕፃን ሲታመም እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት እያሉ ቀን የሚያባክኑ፣ ደምና መርዝ ጨምረው ወደ ሐኪም የሚያመጡ ብዙዎች ናቸው። ጠበልን ከመድኃኒት ጋራ የሚያጣሉም አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን በአንድነት እንዲጠቀሙ መናገራቸው ይታወሳል። ለሕፃናትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሕይወቱ የሚያሰጋ ጨቅላ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን ሳይጠበቅ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ስለዚህ ወላጆች በፍርሃት ልጃቸውን ከኦክስጅን ነቅለው መሮጥ የለባቸውም፤ የንስሐ አባታቸውን ወደ ሐኪም ቤት ይጥሩ፤ ከክፍሉ ኃላፊም ጋራ ይነጋገሩ።

ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ቤተ ሰብ የክትባት ካርዱን፣ የመላኪያ ደብዳቤውን፣ የመድን ደብተሩን፣ ልጁ የጠጣውንም መድኃኒት ዕቃውን ሳይቀር ይያዝ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሕፃኑ መቼ እንደ ሸና፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው እናት አስታውሳ ትንገር። በበሩ የሚያስገባቸውን ሰው ቢጠብቁም፣ ልጁ ሲጠብቅ ከቀድሞው ከባሰበት፣ ማለትም ካንዘፈዘፈው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አልነቃ ካለ፣ ተራ ሳይሉ ድምፅ አሰምተው አስታማሚዋን ይጥሩ።

ሕፃኑ ድኖ በሚወጣበት ቀን ሐኪሙ ወረቀት ይጽፋል፤ በወረቀቱም የበሽታው ስም፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ በቤት የሚቀጥለው መጠን፣ ተመልሶ የሚታይበትም ቀን ይሰፍራል። አንዱ ቅጂ ሕፃኑን ወደ ላከው ጤና ጣቢያ የሚመለስ ነው፤ እናትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከቤት ሣጥን ከምታኖረው ይልቅ በማግሥቱ ለጤና ጣቢያው ብታደርሰው የላኩት ሰዎች የላኩት ሕፃን ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። አስታማሚዋም እናቲቱን እስከ በሩ ሸኝታ ትመለሳለች፤ አንሶላው ይነሣል፤ ፍራሹ በበረኪና ይወለወላል፤ ሚዛኑም ለሚቀጥለው ሕፃን ወደ ዜሮ ይመለሳል።